ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያሉት ራፖር ጸሐፊ፦ የቤትና የቦታ ክርክር ላለበት ሰው

ፍርዴን አስቀድሜ ልስጥ፦ ከ5 ኮከብ 4። አንዷ የቀረችው በደረሰኝ ምክንያት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ቦታው ደሴ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በተደረደሩበት መስመር ላይ፣ ታፔላ የሌለው ጠባብ ክፍል። የንግድ ስም የለውም፤ ሰውየውን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። መስመሩ ላይ ካሉት ወጣት ጸሐፊዎች ለአንዱ «የቤት ክርክር አለብኝ» ብትሉት ራሱ በአገጩ እየጠቆመ ወደ እሳቸው ይልካችኋል። የፍቺና የቀለብ ጉዳይ ከሆነ ግን አይልካችሁም፣ እዚያው ቁጭ አድርጎ ይጽፍላችኋል። ስለዚህ ይህ አስተያየት ስለ ቤትና ስለ ቦታ ብቻ ነው፤ ለሌላው ጉዳይ ምስክር አይደለሁም።

ጋሼ ጠበቃ አይደሉም። ችሎት አብረዋችሁ አይቆሙም። የሚሸጡት ጽሑፍ ነው፦ ማስጠንቀቂያ፣ የክስ አቤቱታ፣ መልስ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ የዕርቅ ውል። ብዕር ከማንሳታቸው በፊት የሚያወርዱት የጥያቄ ዶፍ ግን አለ፤ እኔ የከፈልኩት በአብዛኛው ለእሱ ነው።

እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ መስመሬ ኮምቦልቻ ጅቡቲ። ተሳቢ ቆሞ የሚውልበት ቀን ከኪስ ስለሚወጣ ቢሮ ለቢሮ መዞር እጠላለሁ። ባለቤቴ የደሴ ልጅ ናት። የኮምቦልቻ ሙቀት አልተስማማኝም ስትል ኖራ ባለፈው ዓመት ሆጤ አካባቢ አንድ ግቢ ገዛን። 310 ካሬ ነው፤ ካርታ ያለው፣ ውሉ በአዋዋይ ፊት የተፈረመ፣ ስሙም በማዘጋጃ ቤት ወደ እኛ የዞረ። በወረቀት በኩል እንከን የለውም። ግቢው ውስጥ ግን ሰው አለ።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ «አያ» ነው የሚላቸው፣ እኔም አያ እላለሁ። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ከወረባቦ መጥተው፣ የዚያን ጊዜው ባለቤት መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለሲንጀራቸው ሰጧቸው፤ ቆይተውም ከኋላ በኩል የጭቃ ቤት እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው። ቤቱን የሠሩት በራሳቸው እጅ ነው፤ ዙሪያውን ጌሾና ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ባለቤቱ ካረፉ ቆይተዋል። የሸጠልን ልጃቸው ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል። ስለ አያ ስጠይቀው «የአባቴ ሰው ናቸው፣ ስትረከቡ ይወጣሉ» አለኝ። በቃል አልተውኩትም። ውሉ ላይ «ሻጭ ግቢውን ከማንኛውም ሦስተኛ ወገን ነፃ አድርጎ ያስረክባል» የሚል አንቀጽ አስገብቼ ነው የፈረምኩት።

የርክክቡ ቀን ደርሶ ስንሄድ ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ አያ ሲንጀራቸው ላይ ተቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ካርታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ረጋ ብለው አዩትና «ልጄ፣ መግዛትህን ሰምቻለሁ፣ መልካም ነው። እኔ ግን የምወጣው ያስገባኝ ሰውዬ ተነሥቶ ውጣ ሲለኝ ነው» አሉኝ። ያስገቧቸው ሰውዬ መቃብር ናቸው። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ደላላው ያን ዕለት ማታ ደውሎ የደላላ ምክሩን ሰጠኝ፦ የጭቃ ቤቷን በሌሊት አፍርስ፣ በቆርቆሮ እጠር፣ ከዚያ በኋላ እሳቸው ይክሰሱህ። ይህን ምክር ስንቱ ሰምቶት ስንቱ እንደፈጸመው አላውቅም። እኔ ወደ ጽሑፍ ቤት ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ጋሼ ጋ አልነበረም፤ ከመናኸሪያ ስወርድ ቀድሞ ያገኘሁት አንድ ቤት ነው። 250 ብር፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ልጁ ኮምፒዩተር ላይ የነበረ ክስ ከፍቶ ስሜን፣ የአያን ስምና የቀበሌውን ቁጥር ቀያይሮ አተመልኝ። ሻይ እየጠጣሁ ሳነበው ሆጤ ያለው ግቢዬ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የእርሻ ማሳ» ሆኗል፤ አራተኛው ላይ ደግሞ የማላውቃት ሴትዮ «የከሳሽ ሟች ባለቤት» ተብላለች። ባለቤቴ ቤት ሆና ቂጣ እየጋገረች ነው። ቤቱን አልጠቅሰውም፤ እንዲህ ዓይነቱ ሞልቷል፣ አንዱን ለይቶ መስደብ ፍትሕ አይሆንም።

ጋሼ ይህን ክስ ስሰጣቸው አላነበቡትም። «ይሄን ወደ ጎን አድርገውና ወረቀትህን አውጣ» አሉኝ። ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ በቀን ቅደም ተከተል ደረደሩት፣ አሮጌው በግራ፣ አዲሱ በቀኝ። ማስረጃ የሌለው ዓመት ካለ ቦታውን ባዶ ይተዉታል። የእኔ ጠረጴዛ ከግማሹ በላይ ባዶ ነበር። የቀኙ ጫፍ ላይ ውልና ካርታ ተደራርበዋል፤ ከ1970ዎቹ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ያለው እንጨት ብቻ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ አያ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ይሄ ግቢ በ47/67 ተነክቷል?» ነው ያሉት።

እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። አስረዱኝ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ከአንድ መኖሪያ በላይ የሆነውን ትርፍ ቤትም ወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የደሴ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ አንዱ ክፍል የግል፣ አጠገቡ ያለው የቀበሌ ሆኖ የቀረበት ብዙ ነው። የአያ መንገድ ዳር ክፍል በዚያን ጊዜ ተወርሳ ቢሆን ኖሮ አያ የቀበሌ ተከራይ፣ ሻጩ የሌለውን የሸጠ፣ እኔ ደግሞ የማይሸጥ ነገር የገዛሁ እሆን ነበር። «ከዚያ ወዲያ የምትከሰው ልብስ ሰፊውን አይደለም» አሉ።

ክፍሏ እንዳልተወረሰች የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዳመጣ ላኩኝ። እሱን ለማግኘት የተንከራተትኩትን አልተርክም፤ ቢሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብዳቤው መጣ፤ ክፍሏ የግል ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ «የቦታ ኪራዩንና የቤት ግብሩን ማን ሲከፍል ኖረ?» የሚል ነበር። ሻጩ ነዋ አልኩ። «ደረሰኙ የታለ?» የለኝም። «እንግዲያ ሂድና ልብስ ሰፊውን ጠይቃቸው።»

«ተከሳሼን?»

«ተከሳሽህን። ገና አልከሰስካቸውም። ቡና ሲፈላ ደርሰህ፣ በወግ ተቀምጠህ፣ አያ ደረሰኝ ካለ ያሳዩኝ በላቸው። ያላቸውን ሳታይ አትክሰስ።»

ለዚህች ምክር ብቻ ሌላ ኮከብ ቢኖር እጨምር ነበር። አያ ቅር ሳይላቸው ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ የግብር ደረሰኝ ነው፣ በክር በክር የታሰረ። የቀድሞው ባለቤት አልጋ ላይ ከዋሉበት ጊዜ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት እየሄዱ የከፈሉት አያ ናቸው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ግን የሟች ነው። እያንዳንዱን በስልኬ አነሳሁት፤ እሳቸውም ብርሃን እንዲሆንልኝ መጋረጃውን ገለጡልኝ።

ጋሼ ፎቶዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን በእጁ አድርጎ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት የሚሆንበትን መንገድ ይናገራል። «በማን ስም ተከፈለ፣ ስለ ራሳቸው ነው ወይስ ስለ ሰውየው የከፈሉት፣ ሲገቡ በባለቤቱ ፈቃድ አይደለም ወይ፤ ይህ ሁሉ ያከራክራል። ትሸነፋለህ አልልህም። ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ይግባኝ አለው፣ ሰበር አለው። አንተ ደግሞ ሹፌር ነህ» አሉኝ። የመጨረሻዋ ቃል ገባችኝ።

የደላላውን ምክር ስነግራቸው አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው ልጥፍጥፉ የወጣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥተው 1149ን አስነበቡኝ። ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። ክሱ የባለሀብትነት ክስ አይደለም፤ ዳኛው የሚጠይቀው ማን በእጁ አድርጎት ነበር፣ ማን ነጠቀው የሚለውን ነው። አፍራሹ ለድርጊቱ የሚሆን መብት እንዳለው እዚያው ወዲያው አጥርቶ ካላስረዳ ቦታው ወደ ነበረበት ይመለሳል። «አንተ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ይዘህ ነው ወዲያውኑ የምታስረዳው» አሉና ወደ ባዶው እንጨት ጠቆሙ። የጭቃ ቤት አፍርሼ በራሴ ወጪ የጭቃ ቤት መልሼ ስሠራ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አስቀመጡልኝ። አንዱ በቁጥር 1206 ባለሀብት የሆነ ሰው ንብረቱን ያለ መብት ከያዘው ሰው ላይ የሚያስመልስበት የመፋለም ክስ ነው፣ በአያ ላይ። ሁለተኛው በሻጩ ላይ ነው። ቁጥር 2281 አንድ ሦስተኛ ወገን በሽያጩ ጊዜ የነበረውን መብት ይዞ መጥቶ ገዢውን ቢነቅለው ሻጩ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። «እኚህ ሰው እዚያ እንዳሉ አይተህ ነው የገዛኸው። ያቺ ‹ነፃ አድርጎ ያስረክባል› የምትል አንቀጽ ባትኖር ሻጩ ‹እያወቀ ገዛ› ብሎ እጁን ይታጠብ ነበር። አሁን አይችልም። ጠብህ ከሻጩ ጋር ነው፤ አያ በመሐል ናቸው» አሉኝ። ቤት ገዢዎች ሁሉ ይህን አንቀጽ አስገቡ፤ ደላላ «አያስፈልግም፣ ሰው ያስቀይማል» ቢላችሁም አስገቡ።

የተጻፈልኝ መጀመሪያ ለሻጩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፣ በሪኮማንዴ የተላከ። መልስ አልመጣም። ከዚያ ክሱ፦ 1ኛ ተከሳሽ ሻጩ፣ 2ኛ ተከሳሽ አያ። ሁለት ገጽ ብቻ። እኔ ቢያንስ 6 ገጽ ጠብቄ ነበር፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ወፍራም ወረቀት ይወዳል። መቼ፣ የት፣ በስንት፣ በየትኛው ሰነድ፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገቡ የማስረጃ ቁጥር አለው። መጨረሻው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለው የታወቀው መዝጊያ ነው። ከመፈረሜ በፊት ጋሼ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ እየቆሙ «ይሄን በመሐላ ትለዋለህ?» ይሉኛል።

በአንድ ነገር አልተስማማንም። የአያ ባሕር ዛፍ ሥሩ የዋናውን ቤት ግድግዳ ሰንጥቆታል። ይግባ አልኩ፤ «ክሱን ያሳብጠዋል፣ ባለሙያ ካልመጣ አይረጋገጥም» ብለው አወጡት። እስካሁን ትክክል ናቸው ብዬ አላምንም። ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ ለማየት ባለሙያ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሼን ከሌሎቹ የሚለያቸው ይህ ነው።

ደረሰኞቹን ባሳዩኝ ዕለት ቡና ላይ አያ ስለ ጥቅምት 2014 ነገሩኝ። ሕወሓት ደሴን ሲይዝ የሻጩ ቤተሰብ ወጥቷል፣ ግቢው ውስጥ የቀሩት አያና ሚስታቸው ብቻ ናቸው። የጎረቤት በር ሲሰበርና ዕቃ ሲወጣ እሳቸው ሲንጀራቸውን ጭቃ ቤት ውስጥ ደብቀው የዋናውን ቤት በር ከውስጥ በሳንቃ ቸነከሩት። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ እስክትለቀቅ ድረስ እዚያው ነበሩ። እኔ የገዛሁት ቤት በሩና መስኮቱ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በዚያ ነው። ለጋሼ ይህን የነገርኳቸው በወሬ ወሬ ነው፣ ለክሱ ይጠቅማል ብዬ አይደለም። እንዲያውም የሚጎዳኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ክሱን አቁመው ሌላ ወረቀት አወጡና ጻፉት። «ይሄ ለዳኛ አይደለም። ዳኛ ከዚህ ምንም ሊሠራ አይችልም፣ ሕጉ ለጠባቂነት ይዞታ አይሰጥም። ይሄ ለሽማግሌ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የነገርኳቸውን ሁሉ እንደዚያ ለዩት። ውል፣ ካርታ፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወደ ክሱ። የሟች ቃል፣ የጦርነቱ ጊዜ፣ አያ የሻጩን ሠርግ ልብስ በነፃ የሰፉ መሆናቸው፣ የባለቤቴ እናት ከአያ ሚስት ጋር በአንድ ዕድር መሆናቸው ወደ ሌላው። አብዛኛው ጸሐፊ ሁለቱን ቀላቅሎ ክስ ውስጥ ያፈሰዋል። ዳኛ የማይፈርድበት ልቅሶ ይሆናል፤ ሽማግሌ ፊት ሲደርስ ደግሞ ተከሳሹ ቀድሞ ተሰድቦበታልና ልቡ ተዘግቷል። የእኔ ክስ ላይ አያን የሚያስቀይም አንድ ቃል የለም። አያም ይህን አስተዋሉ። መጥሪያው ደርሷቸው ሳገኛቸው «ክስህን አስነበብኩት፣ አልሰደብከኝም» ነው ያሉኝ። እሳቸው መልሳቸውን ያጻፉት በነፃ የሕግ ድጋፍ ነው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ይሰጣል። አቅም የሌላችሁ ከሆነ ጋሼም ቢሆኑ ወደዚያው ነው የሚልኳችሁ።

መጥሪያው አዲስ አበባ ሲደርስ ሻጩ ስልክ ማንሳት ጀመረ።

ሽምግልናው እዚያው ግቢ ውስጥ ተደረገ። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባለውን የዕርቅ ወግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ቡና፣ ዱዓ፣ ሼሁም የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም አንድ ረከቦት ዙሪያ። ጋሼን ኑልኝ ብላቸው እንቢ አሉ። «እኔ ከገባሁ ችሎት ይሆናል።» በምትኩ አንዲት ገጽ ሰጡኝ። ላይዋ በእጅ የተጻፈችው የሽማግሌ ወረቀት ናት፤ ሥሯ መወሰን ያለባቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ ክፍሏ እስከ መቼ፣ የጭቃ ቤቱ መቼ፣ ገንዘቡ ስንት፣ ከማን፣ ዛፉን ማን ይቁረጥ፣ እንጨቱ የማን ይሁን።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ከላይ ያለውን ነው። ሻጩን፦ «በ2014 ቤትህን ማን ጠበቀው?» ከዚያ ጥያቄ በፊት ሻጩ ለአያ 30 ሺህ ብር ነበር የሚለው። ከዚያ በኋላ 120 ሺህ አለ። እኔ 60 ሺህ ጨመርኩ፤ ሻጩ ላይ ብከራከር ይህችም ትቀርልኝ ነበር፣ ግን ቤቱ ላይ ቆሞ የሚቀረው ጎረቤት የእኔ ነው። አያ የጭቃ ቤቱን ለቀው ገራዶ ልጃቸው ጋ ይገባሉ፤ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ለ2 ዓመት ያለ ኪራይ ይሰፉባታል። ገንዘቡ የመሬት ዋጋ አይደለም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም፤ የተሰላው የጭቃ ቤቱ፣ ቆርቆሮው፣ ጌሾውና ዛፉ ነው። ባሕር ዛፉን አያ ቆርጠው እንጨቱን ይወስዳሉ። ስንጥቁ የእኔ ሆኖ ቀረ፣ ክሱ ውስጥ ስላልነበረ። እንዳልኩት ነው።

የዕርቅ ውሉን ሲጽፉ ጋሼ እንደገና ጥያቄ ጀመሩ። አያ 2 ዓመቱ ሳያልቅ ቢያርፉ ክፍሏን ማን ይጠቀም? ሚስታቸው፣ እስከ ቀኑ ድረስ። ሻጩ ሁለተኛውን ክፍያ ቢያዘገይ? የጭቃ ቤቱን የመልቀቂያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል፣ ለኔ ደግሞ መቀጮ ይከፍላል። እኔስ ግቢውን በመሐል ብሸጠው? «አንተም ነገ ሻጭ ነህ» አሉና፣ አያ ክፍሏን እስከ ቀኑ እንደሚይዙ ለገዢ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ጣሉብኝ። ትንሽ ተናደድኩ፣ ግን ፈረምኩ።

ሽምግልና ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ተሳስሞ ይለያያል፣ ወረቀቱም ቁም ሳጥን ይገባል። ጋሼ ይህን አይፈቅዱም። ስምምነቱን መዝገቡ ወደ ተከፈተበት ችሎት አስገቡ አሉን። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ274 ጀምሮ ባለው መሠረት ፍርድ ቤቱ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ይመዘግበዋል፤ ከተመዘገበ በኋላ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፣ አዲስ ክስ አያስፈልግም። ዳኛዋ አያን «በፈቃድዎ ነው?» ብለው ጠየቁ። አያ «ኸረ በፈቃዴ ነው፣ ሰው አላስገደደኝም፣ ብርድ እንጂ» አሉ። የዚያን ዕለት የደሴ ጉም የጦሳን ተራራ ውጦት ነበር፣ ችሎቱ ውስጥ ሁሉም ጋቢ ለብሷል።

አሁን ቅሬታዬ።

ደረሰኝ የለም። ለክሱ 600፣ ለማስጠንቀቂያው 200፣ ለዕርቅ ውሉ 900 ብር ከፍያለሁ፤ አንድም የጽሑፍ ማስረጃ አልሰጡኝም። ሰውን ሁሉ ደረሰኝ አምጣ የሚሉ ሰው ራሳቸው ደረሰኝ አለመቁረጣቸው ያበሳጫል። ስጠይቃቸው «አንተ ስሜን ታውቃለህ፣ እኔ ስምህን አውቃለሁ» ብለው አለፉት።

ስልክ አያነሱም። ጁምዓ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ አይገኙም። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ሰው መስመሩን ሞልቶት ይውላል፣ ወረፋው አይቀመስም። ደጅ ያለችው አግዳሚ ወንበር ሦስት ሰው ነው የምትይዘው፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጋቢ ያዙ። በእጅ የጻፉትን የምትተይበው ልጅ ፈጣን ናት፣ ግን መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጋ ካሳተማችሁ ለገጽ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ሬዲዮናቸውም ከጧት እስከ ማታ ይጮኻል።

የገጠር መሬት ጉዳይ ከሆነ አትልፉ። ያ በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 የሚታይ ሌላ ዓለም ነው፣ ደብተሩም ምስክሩም የተለየ ነው። ጋሼ ራሳቸው «አልነካውም» ይላሉ። ይህንንም እንደ ጥሩ ጎን ነው የቆጠርኩት፤ የማያውቀውን የሚጽፍ ቤት አይቻለሁ።

ለሚሄድ ሰው፦ ካርታ፣ ውል፣ የስም ዝውውር ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ፣ ካለ የውሃና የመብራት ቢል፣ መታወቂያ ከ2 ኮፒ ጋር። ጎረቤት ስለ ግቢው የሚያውቀውን ቀድማችሁ ጠይቁ። አሮጌ ግቢ ከሆነ የ47/67ን ጥያቄ ቤታችሁ ሳላችሁ ጀምሩት፣ ያለዚያ መልሰው ይልኳችኋል። ታሪካችሁን ሦስት ጊዜ ያስነግሯችኋል፤ ሦስተኛው ላይ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር ካላችሁ አቁመው «የቱ ነው?» ይሏችኋልና በተረጋጋ መንፈስ ሂዱ። የችኮላ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ሌሎቹ ቤቶች ይሻሏችኋል።

የሻጩ ሁለተኛ ክፍያ ቀን ገና አልደረሰም። ጋሼ ግን ሰውየውን አያምኑትም። የአፈጻጸም ማመልከቻውን ከወዲሁ ጽፈው፣ ቀኑን ባዶ ትተው ሰጥተውኛል። 150 ብር፣ እሱም ያለ ደረሰኝ።